ማን ማንን ቀደመ? የኮንቲኔንታል ጦር መኮንኖችን የማዕረግና የደሞዝ ክርክር እንዴት እናንብብ

የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት ታሪክ ስታነቡ አንድ ቦታ ላይ መሰልቸታችሁ አይቀርም። ወታደሩ ጫማ አጥቶ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ጄኔራሎቹ "እገሌ ለምን ቀደመኝ" እያሉ ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንዱ መልቀቂያ ያስገባል። ሌላው ካምፑን ጥሎ ይሄዳል። የኮንግረስ አባል የነበረው ጆን አዳምስ እንኳ በሜይ 1777 ለሚስቱ ለአቢጌል ሲጽፍ የመኮንኖቹ ጭቅጭቅ ሞት እስኪያስመኘው እንዳታከተው ነግሯታል። እንደ ድመትና ውሻ ይናከሳሉ፣ ለማዕረግና ለደሞዝ ደግሞ ዝንጀሮ ለለውዝ እንደሚሻማው ይሻማሉ ይላል።

እኔም ለብዙ ጊዜ እንደ አዳምስ ነበር የማስበው። እነዚህን ገጾች ቶሎ ቶሎ ገልብጬ ወደ ውጊያው እሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን የአንዱን ሰው ቅሬታ በወረቀት ላይ በቀን በቀን ደረደርኩት፣ ነገሩም ሌላ መልክ ያዘ። ሰዎቹ ኩራተኞች ነበሩ፣ አልክድም። የጭቅጭቁ ሥር ግን ሌላ ቦታ ነው። ኮንቲኔንታል የተባለው የግዛቶቹ የጋራ ጦር ማን ማንን እንደሚቀድም የሚወስን የረጋ ደንብ አልነበረውም። ደሞዝ ቃል የሚገባው ኮንግረስ (የግዛቶቹ የጋራ ምክር ቤት) ደግሞ ግብር የመጣል ሥልጣን አልነበረውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዛችሁ ካነበባችሁ እያንዳንዱ ጠብ ሊፈታ የሚችል ጥያቄ ይሆናል። እኔ የምሠራበትን መንገድ እንደሚከተለው ላሳያችሁ። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ የወር ስሞቹንም እንዳያምታቱ በነሱ አጠራር ትቻቸዋለሁ።)

መጀመሪያ ወረቀት አውጡ

አራት ዓምድ አስምሩ። አንደኛው ውስጥ የሰውየው ስም፣ ሁለተኛው ውስጥ ማዕረጉ፣ ሦስተኛው ውስጥ በሹመት ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን፣ አራተኛው ውስጥ ሹመቱን የሰጠው አካል ይገባል። ከዚያ ሰውየው የተጣላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ከሥሩ ጻፉ።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ግትር ሁኑ። "በ1777 መጀመሪያ ገደማ" አይበቃም፣ ቀኑ ያስፈልጋል። በዚያ ጦር ውስጥ እኩል ማዕረግ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ቢገናኙ የሚያዘው ሹመቱ ቀደም ያለው ነው። ዕድሜም ሆነ ዝና ቦታ የለውም። በአንድ ቀን የተሾሙ ከሆነም በምርጫው ዝርዝር ላይ ስሙ ቀድሞ የተጠራው ይቀድማል። ስለዚህ አንድ መኮንን በእድገት ሲታለፍ ትናንት ያዘዘው ሰው ዛሬ አዛዡ ይሆናል። በዘመኑ የመኮንኖች የክብር ወግ ደግሞ መታለፍ ማለት "ጎደሎ ነህ" ተብሎ በአደባባይ መነገር ነበር። አሁን እኛ "ቀን ብቻ እኮ ነው" ብንል እነሱ የሚያዩትን እያየን አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀንና ደብዳቤው ለሰውየው የተሰጠበት ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈ ሹመት ብዙ ጊዜ የጠቡ መነሻ ወይም መፍትሔ ነው። ሁለቱንም ቀን መዝግቡ።

አራተኛው ዓምድ ብዙውን ጠብ ይፈታል

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮሎኔል ሁሉ አንድ ዓይነት ኮሎኔል ይመስለናል። በዚያ ጦር ውስጥ ግን ሹመት ከብዙ እጅ ይመጣ ነበር፦ ከኮንግረስ፣ ከ13ቱ ግዛቶች፣ ከግዛቶቹ ሚሊሻ፣ አልፎ አልፎም ፓሪስ ከተቀመጠ የአሜሪካ ወኪል።

የመጀመሪያው ግርግር ጦሩ ገና ሲወለድ ነው የተነሳው። በጁን 1775 ኮንግረስ ጄኔራሎቹን ሲሾም የኒው ኢንግላንድ (የሰሜን ምሥራቁ) ግዛቶች አስቀድመው የራሳቸውን ጄኔራሎች ሾመው ነበር። በኮነቲከት ጦር ውስጥ ጆሴፍ ስፔንሰር ከእስራኤል ፑትናም በላይ ነው። ኮንግረስ ፑትናምን ሜጀር ጄኔራል፣ ስፔንሰርን ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ብርጋዴር ጄኔራል አደረገ። የጦሩ ዋና አዛዥ ዋሽንግተን በጁላይ መጀመሪያ ጦሩ ወደሰፈረበት ካምብሪጅ እንደደረሰ የፑትናምን ደብዳቤ ሰጠ። ቅሬታው እንዲህ የከረረ መሆኑን ሲሰማ ነው የሌሎቹን ይዞ ያቆየው። ስፔንሰር ግን ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቅ ካምፑን ለቆ ሄደ። ኋላ ተመልሶ በፑትናም ሥር አገለገለ።

ይህን በአራቱ ዓምድ ስታስገቡት ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት መስመር ይወጣላችኋል። አንዱ የኮነቲከት፣ አንዱ የኮንግረስ። በአንዱ ስፔንሰር ይቀድማል፣ በሌላው ፑትናም። ሁለቱም ትክክለኛ ወረቀት ይዘዋል። ጠቡን የፈጠረው የሁለቱ ወረቀቶች መጋጨት ነው።

ቀጥሎ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1776 ኮንግረስ 88 የሻለቃ ጦሮች እንዲመለመሉ ሲወስን ጄኔራሎችን እሱ እንዲሾም፣ ከኮሎኔል ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን ግን ግዛቶች እንዲሾሙ አደረገ። አስቡት፣ ቨርጂኒያ አንድ ቀን ትሾማለች፣ ማሳቹሴትስ ከሁለት ወር በኋላ። የቨርጂኒያው ሰው ከዚያ በፊት ምንም አገልግሎት የሌለው ሊሆን ይችላል፣ የማሳቹሴትሱ ደግሞ ከ1775 ጀምሮ የተዋጋ። በቀኑ ብቻ ከሄድን አዲሱ አሮጌውን ያዘዋል።

ኮንግረስ ለዚህ መላ ያገኘው ኖቬምበር 24 ቀን 1778 ነው። ሥራዬ ብላችሁ መዝግቡት፣ ብዙ የኮሎኔሎችና የሻምበሎች ጠብ በዚህ ይፈታል። በሴፕቴምበር 1776ቱ ውሳኔ መሠረት የተሾሙና ሹመታቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1777 በፊት የሆነ ኮሎኔሎችና ከነሱ በታች ያሉ መኮንኖች በሙሉ በዚያች በጃንዋሪ 1 እንደተሾሙ ይቆጠራሉ። እርስ በርስ ማን ይቀድማል የሚለው የሚታየው ደግሞ ከሴፕቴምበር 16 ቀን 1776 በፊት በነበራቸው ማዕረግ ነው። በአጭሩ፣ የሁሉንም ሰዓት አንድ ቦታ አቆሙና የድሮውን አገልግሎት መለያ አደረጉት። ደንቡ በግዛቶች መካከል ላለው ንጽጽር ነው። በአንድ ግዛት መኮንኖች መካከል የተወሰነውን ደረጃ አይነካም። ስለዚህ ሁለት ተጣዪዎች ከአንድ ግዛት ከሆኑ ይህን ደንብ አትምዘዙ፣ የግዛቱን ዝርዝር ፈልጉ።

በአርኖልድ ላይ እንሞክረው

ቤኔዲክት አርኖልድን ሁሉም ሰው በክህደቱ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን ማዕረግ ማንበብ ለሚለማመድ ሰው ከሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መጨረሻውን ለጊዜው እርሱትና ወረቀቱን ሙሉ።

አርኖልድ፦ ብርጋዴር ጄኔራል፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1776፣ ከኮንግረስ።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1777 ኮንግረስ ባልቲሞር ተቀምጦ 5 አዲስ ሜጀር ጄኔራሎች ሾመ። አሁን እነሱን ከነድሮ ቀናቸው አስገቡ። ሎርድ ስተርሊንግ፣ ብርጋዴር ከማርች 1776። ቶማስ ሚፍሊን፣ ከሜይ 1776። አርተር ሴንት ክሌር፣ ከኦገስት 1776። አዳም ስቲቨን፣ ከሴፕቴምበር 1776። ቤንጃሚን ሊንከን፣ የማሳቹሴትስ ሚሊሻ ጄኔራል፣ በኮንቲኔንታል ጦር ውስጥ ብርጋዴር ሆኖ የማያውቅ።

ዓምዱ ራሱ ተናገረ። አራቱ ከአርኖልድ በኋላ ብርጋዴር የሆኑ ናቸው፣ አምስተኛው ከውጭ የገባ ነው። ይህን ስታዩ "አርኖልድ ለምን ተቆጣ" ብሎ መጠየቅ ይቀራል። የሚቀጥለው ጥያቄ "ኮንግረስ ለምን እንዲህ አደረገ" ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው የሚያልፈውም ይህንን ነው።

መልሱ በዚያው ቀን በጸደቀው ውሳኔ ውስጥ ይገኛል። ጄኔራል ሲሾም ሦስት ነገር ይታያል ይላል፦ የተራ ቅደም ተከተል፣ የሰውየው ብቃት፣ እያንዳንዱ ግዛት ያወጣውና የሚያወጣው የወታደር ብዛት። ሦስተኛውን ልብ በሉ። ኮነቲከት አስቀድሞ ሁለት ሜጀር ጄኔራሎች ነበሯት፦ ፑትናምና ኋላ እድገት ያገኘው ስፔንሰር። የአርኖልድ ግዛት ድርሻዋን ወስዳለች ተባለ። ሰውየው ካናዳ ድረስ ሄዶ ኩቤክ ላይ መቁሰሉ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ለኮንግረስም ፍትሐዊ እንሁን። ወታደር የሚያወጡት ግዛቶች ናቸው፣ "የኛ ሰዎች አይሾሙም" ካሉ ወታደሩ ይቀራል። የሕዝብ ተወካዮች ጦሩን መቆጣጠር አለባቸው የሚለውም ከልባቸው የሚያምኑበት ነገር ነው። ግን ዋጋውን የከፈለው ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ተከታተሉ። ዋሽንግተን በማርች 1777 ለአርኖልድ ጽፎ እንዳይቸኩል ለመነው። በኤፕሪል መጨረሻ እንግሊዞች ዳንበሪን ሲያቃጥሉ አርኖልድ ሪጅፊልድ ላይ ገጠማቸው፣ ፈረሱ ከሥሩ ተገደለ። ኮንግረስ ሜይ 2 ሜጀር ጄኔራል አደረገው፣ ኋላም ፈረስ ሸለመው። ጥያቄው ተፈታ? ወረቀቱን እዩ። የአርኖልድ አዲስ ቀን ሜይ 2 ነው፣ የአምስቱ ፌብሩዋሪ 19። አሁንም በአምስቱም ሥር ነው! ማዕረጉን አገኘ፣ ቅድሚያውን አላገኘም። ለዚህ ነው በጁላይ መልቀቂያ ያስገባው። ቅድሚያው የተመለሰለት ሳራቶጋ ላይ እግሩ ከተሰበረ በኋላ ነው። በኖቬምበር 1777 ኮንግረስ ፈቀደ፣ በጃንዋሪ 1778 ዋሽንግተን ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰውን ሹመት ላከለት።

በ1780 የዌስት ፖይንትን ምሽግ ለእንግሊዝ ለመስጠት መስማማቱ ከዚህ ብቻ የመጣ አይደለም። የሂሳብ ክርክርም፣ ዕዳም፣ የጦር ፍርድ ቤት ወቀሳም አለበት። "ማዕረግ ስለነፈጉት ከዳ" የሚል ካጋጠማችሁ አትቀበሉ። ቀኖቹ እንደሚያሳዩት ቅድሚያው ከተመለሰለት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የከዳው። ሌሎች የታለፉ መኮንኖችም አልከዱም።

መልቀቂያ ደብዳቤ ሲያጋጥማችሁ

"ክብሬ ተነካ"፣ "ከዚህ በኋላ በአክብሮት ማገልገል አልችልም"። እነዚህ ሐረጎች በየደብዳቤው አሉ። በነሱ አትወሰዱ። ደብዳቤውን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አውርዱት፦ ሰውየው ምን ቢደረግለት ይቆያል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ቀን ነው፣ ወይም የአንድ ሰው ስም።

ጆን ስታርክ ጥሩ ነው። የኒው ሃምፕሸር ኮሎኔል፣ በንከር ሂል ላይም ትሬንተን ላይም የተዋጋ። በፌብሩዋሪ 1777 ከሱ በታች የነበረው ኢኖክ ፑር ብርጋዴር ሲሆን ስታርክ ለቀቀና እርሻው ገባ። በበጋው የእንግሊዙ ጄኔራል የበርጎይን ጦር ሲወርድ ኒው ሃምፕሸር የሚሊሻ ብርጋዴር አድርጋ ጠራችው። እሱም በአንድ ሁኔታ ተስማማ፦ የሚጠየቀው ለኒው ሃምፕሸር እንጂ ለኮንግረስ አይደለም። አራተኛውን ዓምድ እዩት፣ ሹመቱን የሰጠው አካል ተቀየረ። ለዚህ ነው ጄኔራል ሊንከን "ወደ ዋናው ጦር ና" ሲለው እምቢ ያለው። (ይኸው ሊንከን አርኖልድን ካለፉት አምስቱ አንዱ ነው።) ስታርክ ኦገስት 16 ቤኒንግተን ላይ የበርጎይንን ጦር አንድ ክፍል ደመሰሰ። የሚገርመው፣ ኦገስት 19 ኮንግረስ የድሉን ዜና ሳይሰማ ኒው ሃምፕሸር ለስታርክ የሰጠችውን መመሪያ ሲነቅፍ ነበር። በኦክቶበር ያው ኮንግረስ ብርጋዴር ጄኔራል አደረገው።

ዳንኤል ሞርጋንም ተመሳሳይ ነው። በ1779 የተመረጠው የቀላል እግረኛ ክፍል አዛዥነት ለአንቶኒ ዌይን ሲሰጥ ወደ ቤቱ ሄደ። በኦክቶበር 1780 ብርጋዴር ሆነ፣ በጃንዋሪ 17 ቀን 1781 ካውፔንስ ላይ የእንግሊዙን አዛዥ ታርልተንን አሸነፈ። ሁለቱም "አኩርፈው ገቡ" ተብለው በአንድ መስመር የሚታለፉ ነበሩ።

የውጭ አገር መኮንን ካለበት

ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአሜሪካ ወኪል ሳይለስ ዲን ፓሪስ ሆኖ ለፈረንሳይ መኮንኖች ማዕረግ ቃል እየገባ ይልክ ነበር። ፊሊፕ ትሮንሶን ዱ ኩድሬ የሚባለው ሜጀር ጄኔራልነትና የመድፈኛው አዛዥነት ቃል ተገብቶለት በ1777 መጣ። የመድፈኛው አዛዥ ግን ሄንሪ ኖክስ ነው፣ ገና ጦርነቱ ሲጀመር ከቲኮንዴሮጋ መድፎቹን በበረዶ ላይ ጎትቶ ያመጣው ሰው።

በጁላይ 1777 ኖክስ፣ ናትናኤል ግሪንና ጆን ሱሊቫን ለኮንግረስ ጻፉ፦ ወሬው እውነት ከሆነ እንለቃለን። ኖክስን ይገባናል። ግሪንና ሱሊቫን ግን መድፈኛ አይደሉም፣ ምን አገባቸው? የግሪንን ደብዳቤ አንብቡ። ካምፑ ውስጥ የተወራው የዱ ኩድሬ ማዕረግ ካለፈው ኦገስት 1 ጀምሮ ይቆጠራል የሚል ነው። ግሪንና ሱሊቫን ሜጀር ጄኔራል የሆኑት ኦገስት 9 ቀን 1776 ነው። በስምንት ቀን ይበለጣሉ! ያንን ቀን ሳታዩ የሦስቱን ደብዳቤ ብታነቡ የውጭ ሰው ጥላቻ ብቻ ይመስላችኋል።

ኮንግረስ በጣም ተቆጣ፣ ይቅርታ እንዲጠይቁም ወሰነ። ሦስቱም ቦታቸው ላይ ቆዩ። ዱ ኩድሬ በሌላ ኃላፊነት ተሾመና በሴፕቴምበር የሹልኪልን ወንዝ በጀልባ ሲሻገር ፈረሱ ይዞት ውሃ ውስጥ ገባ፣ ሰጠመ።

አሁን ወደ ደሞዙ

ደሞዝ ሲመጣ ሌላ ወረቀት ያዙ። በዚህኛው ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ስንት ተባለ? በምን ገንዘብ? ማን ይከፍላል?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። በጁላይ 1775 በወር ኮሎኔል 50 ዶላር፣ ሻምበል 20፣ መቶ አለቃ 13 ከሲሶ፣ ተራ ወታደር 6 ዶላር ከ2 ሦስተኛ ነበር። በኦክቶበር 1776 የመኮንኖቹ ተጨመረ፤ ኮሎኔል 75፣ ሻምበል 40። የተራው ወታደር እዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ዶላሩ ኮንግረስ ያተመው ወረቀት ነው፣ ከኋላው ወርቅም ብርም የለም። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱ። በማርች 1780 ኮንግረስ ራሱ 40 የወረቀት ዶላር በ1 የብር ዶላር እንዲመነዘር ወሰነ። በሉ አካፍሉ። የሻምበሉ የወር 40 ዶላር 1 ዶላር ሆነ። የኮሎኔሉ 75 ዶላር 2 እንኳ አይሞላም። ሻምበሉ ደግሞ ልብሱን በራሱ ነው የሚገዛው፣ ቤተሰቡም ከሱ ይጠብቃል። ያውም ደሞዙ በወቅቱ ከተከፈለ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለወራት ይወዘፍ ነበር። ይህን ሂሳብ በእጃችሁ ሥሩት። እኔ በጭንቅላቴ ሳውቀውና በወረቀት ላይ ስሠራው አንድ አልሆነልኝም።

ዋሽንግተን በማርች 1778 ሲጽፍ ካለፈው ኦገስት ወዲህ ከ200 እስከ 300 የሚሆኑ መኮንኖች ለቀዋል ይላል። ያ ጦሩ ቫሊ ፎርጅ ሰፍሮ የተቸገረበት ክረምት ነው። የለቀቁትን ሁሉ ለሀገራቸው ግድ የሌላቸው አድርጋችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያንን ማካፈል አስታውሱ። በሌላ በኩል፣ ዋሽንግተን ራሱ ደሞዝ አልቀበልም ብሎ ወጪውን ብቻ ነበር የሚያስመዘግበው። እሱ ሀብታም የእርሻ ባለቤት ነው፣ ለአንድ መቶ አለቃ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ቃሉንና ከፋዩን ለዩ

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ይከፍላል፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሁሉ ይሸፍናል። የተስፋዎቹን ሰንሰለት በቀን ደርድሩ።

ሜይ 15 ቀን 1778፦ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ለሚቆዩ መኮንኖች የ7 ዓመት ግማሽ ደሞዝ፣ ለወታደሮች 80 ዶላር። ኦክቶበር 21 ቀን 1780፦ ለመኮንኖቹ የዕድሜ ልክ ግማሽ ደሞዝ። ማርች 22 ቀን 1783፦ በዕድሜ ልኩ ፋንታ የ5 ዓመት ሙሉ ደሞዝ፣ በገንዘብ ወይም 6 በመቶ ወለድ በሚያስገኝ የዕዳ ሰነድ።

ለምን ተቀየረ? የዕድሜ ልክ ጡረታ በተለይ በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች ክፉኛ ተጠልቶ ነበር። ሕዝቡ ግብር ከፍሎ ሥራ ፈት የመኮንኖች መደብ ሊቀልብ ነው ተባለ። ኮንግረስ ደግሞ ገቢ የለውም። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ልጣል ብሎ ግዛቶቹን ጠየቀ፣ የሁሉም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። በኖቬምበር 1782 ሮድ አይላንድ እምቢ አለች። አለቀ። ቃል የገባው አካል ኪሱ ባዶ ነው።

በማርች 1783 በጦሩ ሰፈር በኒውበርግ የሆነውን ያለዚህ አታንብቡት። መኮንኖቹ በክረምቱ ሦስት ተወካይ ኮንግረስ ወዳለበት ወደ ፊላደልፊያ ልከው ነበር፣ ያገኙት ነገር ግን አልነበረም። ማርች 10 ስም የሌለው ጽሑፍ በካምፑ ተሰራጨ። የጻፈው የጄኔራል ጌትስ ረዳት ጆን አርምስትሮንግ ነው። ሰላም ቢመጣ ትጥቅ አንፍታ፣ ጦርነቱ ቢቀጥል ጥለን እንሂድ የሚል ነበር። ማርች 15 ዋሽንግተን ራሱ ስብሰባው ላይ መጣና ተናገረ። ንግግሩ ብዙም አላለዘባቸውም ይባላል። ከዚያ የአንድ የኮንግረስ አባል ደብዳቤ ሊያነብላቸው አወጣ። ፊደሉ ጠፋበት። ኪሱን ዳሰሰና መነጽር አወጣ፣ ብዙዎቹ መነጽር ሲያደርግ አይተውት አያውቁም። ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እናንተን ሳገለግል ሸበትኩ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔም እየጠፋ ነው አላቸው። መኮንኖቹ አለቀሱ።

ትዕይንቱ ልብ ይነካል፣ እኔንም ይነካኛል። ግን ወረቀታችሁ ላይ ከማርች 15 በኋላ ማርች 22 እንዳለ አትርሱ። እንባው ጠቡን አበረደ፣ የ5 ዓመቱን ደሞዝ ያስወሰነው ደግሞ ቅሬታው ነው።

ሰነዱ የት ደረሰ?

ብዙ ጸሐፊዎች በ1783 ያቆማሉ። እናንተ አታቁሙ። የሻምበሉ የ5 ዓመት ደሞዝ 40 በ60 ወር 2,400 ዶላር ነው፣ በሰነድ። የሚበላ ነገር የሌለው ሰው ሰነድ ይዞ መቀመጥ አይችልም፣ ብዙዎቹ ከዋጋው እጅግ ባነሰ ለነጋዴ ሸጡት። በ1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሚልተን የመንግሥት ዕዳ ይከፈል ሲል የምክር ቤት አባሉ ማዲሰን ለመጀመሪያዎቹ ባለቤቶችም ድርሻ ይሰጥ ብሎ ተከራከረ፣ ተሸነፈ። ክፍያው በእጁ ሰነዱን ለያዘው ሆነ። በሕይወት የቀሩት መኮንኖች ከሻምበል ደሞዝ ያልበለጠ የዕድሜ ልክ ሙሉ ደሞዝ የተፈቀደላቸው በ1828 ነው። ማርች 1783 ላይ 25 ዓመቱ የነበረ መቶ አለቃ ያኔ 70 ዓመቱ ነው።

ተራውን ወታደርም ከዚህ አታውጡት። ጃንዋሪ 1 ቀን 1781 የፔንስልቬኒያ ወታደሮች ሲያምፁ ዋናው ጥያቄ "3 ዓመት ወይም ጦርነቱ እስኪያልቅ" የሚለው የምልመላ ቃል ነበር። እነሱ 3 ዓመታችን ሞላ አሉ፣ መኮንኖቹ ጦርነቱ አላለቀም አሉ። ይህም የወረቀት ክርክር ነው፣ ዘዴውም ያው ነው፦ ቀኑን፣ ቃሉን፣ ፈራሚውን ፈልጉ።

ለመለማመጃ አንድ

መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ወረቀታችሁን ሙሉና ራሳችሁ ሞክሩ። ጁን 22 ቀን 1775 ኮንግረስ 8 ብርጋዴር ጄኔራሎች መረጠ። ከማሳቹሴትስ ሴት ፖምሮይ 1ኛ፣ ዊሊያም ሂዝ 4ኛ፣ ጆን ቶማስ 6ኛ። በማሳቹሴትስ ጦር ውስጥ ግን ቶማስ ከሁለቱም በላይ ነበር። ቶማስ ሊለቅ ነው፣ ዋሽንግተን ሊያጣው አይፈልግም። ሂዝን ዝቅ ብታደርጉት ሂዝ ያኮርፋል። ምን ታደርጋላችሁ?

ፍንጩ ፖምሮይ መስመር ላይ ነው። ሹመቱን ተቀብሎ ሥራ አልጀመረም፣ የ1ኛው ቦታ ባዶ ነው። ጁላይ 19 ኮንግረስ ቶማስን በፖምሮይ ቦታ 1ኛ ብርጋዴር አደረገው፣ ቀኑም የፖምሮይ ቀን ሆነ። ሂዝ ከ4ኛ ቦታው አልተነቃነቀም። ቶማስም ቆየ፣ በማርች 1776 ቦስተን አጠገብ የዶርቼስተርን ኮረብታ በሌሊት ይዞ ምሽጉን ያሠራው እሱ ነው።